ቂም እስከ ጁላይ

የባለቤቴ ወንድም ማይክራፎን ይዞ የእኔን ሥራ እግዚአብሔር ለእሱ እንደገለጠለት በመሰከረበት እሁድ፣ እኔ በባለቤቴና በአማቴ መሃል ተቀምጬ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ነው። በአማርኛ ይሰበካል፣ በአማርኛ ይዘመራል፤ ከአምልኮው በኋላ ምስክርነት ያለው ሰው ወደ ፊት ይወጣል። እሱ የወጣው በአዲስ ሱፍ ነው። ሰዉ ሁሉ ያውቀዋል፤ በከተማው ካሉት የእኛ ሰዎች ለግማሾቹ ማሞቂያ ፈርነስና ማቀዝቀዣ ኤሲ የገጠመው እሱ ነው።

“ለአዛውንቶቻችን አየር እየተጨነቅኩ ጌታን ‘ምን ላድርግ?’ ስለው፣ በልቤ አንድ ነገር አስቀመጠ” አለ። “ቀን የሚቀልጥ፣ ሌሊት የሚረጋ ነገር። ቀን ሙቀቱን ይውጣል፣ ሌሊት ይተፋዋል። እኔ መሃንዲስ አይደለሁም፤ ታውቁኛላችሁ። ይሄ ነገር ከእኔ አይደለም።”

ከተናገረው ሁሉ እውነቱ የመጨረሻው ብቻ ነበር። ከእሱ አልነበረም። ከእኔ ጋራዥ ነበር።

ሕዝቡ “አሜን” አለ፣ አጨበጨበ። ባለቤቴ ጉልበቴን ጨምድዳ ይዛ ነበር። አማቴ ልጇን እያየች አላጨበጨበችም። በወቅቱ እጇን የሪህ ሕመሟ ይዟት ነው ብዬ አለፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምተዳደረው በአንድ የምህንድስና ቢሮ ውስጥ የትልልቅ ሕንፃዎችን አየር ማስገቢያ በመንደፍ ነው። ሰው የሚበዛበት ቤት ከውጭ ንጹሕ አየር መሳብ አለበት። በጋ ላይ ግን የሚሳበው አየር ትኩስ ስለሆነ ኤሲው ጉልበቱን የሚጨርሰው እሱን በማብረድ ነው። አየሩ ኤሲው ጋ ከመድረሱ በፊት በሌላ ነገር ትንሽ ቢበርድ ማሽኑ ይቀለዋል። ይህንን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጥያቄው በምን ይብረድ የሚለው ነው።

ለእኔ መልሱ የመጣው ከባለቤቴ የፀጉር ቅባት ነው። መታጠቢያ ቤታችን መስኮት ላይ የኮኮናት ዘይት ታስቀምጣለች። በበጋ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሆኖ ረግቶ አገኘዋለሁ፤ ከሥራ ስመለስ እንደ ውሃ ጠርቷል። አንድ ቅዳሜ ሊቀልጥ ሲጀምር ጠርሙሱን ይዤ ቆምኩ። ክፍሉ ወብቋል፣ ጠርሙሱ ግን ቀዝቀዝ እንዳለ ነው። ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ አይሞቅም፤ የመጣለትን ሙቀት ሁሉ ለመቅለጫ ያውለዋል። ለዚሁ ሥራ ተብለው በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽገው የሚሸጡ የጨውና የሰም ዓይነቶች እንዳሉ ከዚያ በፊት አንብቤ አውቅ ነበር። እኔ ፈለሰፍኩት አልልም። ግን ማንበብ ሌላ፣ በእጅ መንካት ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ ዌስት ሴንት ፖል ያለው ጋራዣችን መኪና ገብቶበት አያውቅም። የኮምፖልሳቶ ሣጥን ሠራሁ። ጠፍጣፎቹን በመሃላቸው አየር እንዲያልፍ አድርጌ ደረደርኩ፣ በአንድ ጫፍ ማራገቢያ ፋን ገጠምኩ። ሌሊት ፋኑ ቀዝቃዛውን አየር እየሳበ ጠፍጣፎቹን ያረጋቸዋል። ቀን ትኩሱ አየር በመሃላቸው ሲያልፍ እነሱ ይቀልጣሉ፣ አየሩ በርዶ ይወጣል። መጀመሪያ የገዛሁት ዓይነት ፈሰሰብኝ። ሁለተኛው አንድ ክረምት አለፈበትና መርጋት ረሳ። በሦስተኛው ተሳካልኝ።

የባለቤቴ ወንድም በእነዚህ በጋዎች እሁድ ከሰዓት እየመጣ ጋራዡ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። አማቴ ከእኛ ጋር ስለምትኖር እናቱን ሊጠይቅ ነው የሚመጣው፤ እሷም ወንበሯን ከቤት ውስጥ አስወጥታ አብራን ትቀመጣለች። እሱ ይጠይቀኛል፣ እኔ አስረዳዋለሁ። የሚያዳምጠኝ ሰው ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ አለቃዬ ሐሳቡን ሰምቶ “ኢንተረስቲንግ” ብሎ ወደ ስልኩ ተመልሷል።

አንድ ቀን “ሣጥኑን ላንድ ሰው ሾው ላድርግለት” አለኝ። “ከወደደው አብረን እንሠራለን። አንተ ዲዛይን ታደርጋለህ፣ እኔ እገጥማለሁ።”

ቫኑ ላይ አብሬው ጫንኩ። ሣጥኑን ሲመልስልኝ “ሰውዬው ኢንተረስትድ አይደለም” አለኝ። ይሁን ብዬ ተውኩት። ክረምቱ አለፈ፣ በረዶው ቀለጠ፣ ከዚያ ያ ሱፍና ያ ማይክራፎን መጣ።

ከምስክርነቱ በኋላ ምእመናን ምድር ቤት ወርደው ሻይ ይጠጣሉ። እኔም ወረድኩ። በሰው ፊት ኮሌታውን ልይዘው ነበር የወረድኩት፤ ይህንን ለማስዋብ አልሞክርም። ወንዶች ከብበውት ሲያወራ ከኋላው ደረስኩ።

“ሌሎቹ ሰባ ምናምን ላይ የሚቀልጠውን ነው የሚጠቀሙት” እያለ ነው። “እኔ ግን ስልሳ አራት ላይ የሚቀልጠውን መረጥኩ። ለምን? ቀዝቃዛ ነዋ። ቀዝቃዛ ከሆነ አይቀር በደንብ ይቀዝቅዝ።”

እጄ ባለበት ቆመ።

ስልሳ አራት ፋራናይት (አሥራ ስምንት ሴንቲግሬድ ገደማ) ላይ የሚቀልጥ ነገር እንዲረጋ የሌሊቱ አየር ከስልሳ አራት በታች መውረድ አለበት። በሜይ ይወርዳል። በጁን ግማሹን ጊዜ ይወርዳል። በጁላይ የሚኒሶታ ሌሊት ራሱ እንደ ላብ ነው፤ ፋኑ ሌሊቱን ሙሉ ቢሽከረከር ያ ጨው እንደቀለጠ ያድራል። ሌሊት ያልረጋ ደግሞ ቀን የሚውጠው ሙቀት የለም። የእኔ ጠፍጣፎች የሚቀልጡት ሰባ ስድስት ላይ ነበር፤ ልክ እንደ ኮኮናት ዘይቱ። ለምን ሰባ ስድስት እንደሆነ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነግሬዋለሁ። ሲሰማ የነበረው የሚሰርቀውን ብቻ ነው ማለት ነው።

እጄን ዘርግቼ “እንኳን ደስ አለህ” አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ዱላ ጠብቆ ሰላምታ ያገኘ ሰው ነበር የሚመስለው። “ጌታ ይባርክህ ወንድሜ” አለኝ። ጨበጥኩት፣ በሆዴም ጁላይ ይምጣ አልኩ።

መኪና ውስጥ ባለቤቴ አልቻለችም። “ዝም ልትል ነው?”

“ዝም ልል ነው።”

“እኔ ልናገረው። ወንድሜ ነው፣ የመናገር መብት አለኝ።”

“አትናገሪው። የቀረውን አየሩ ይነግረዋል።”

ልጃችን ከኋላ ወንበር “ዳድ፣ ዛት ኢዝ ሶ ፔቲ” አለችኝ፤ እንዲህ ማነስህ ማለቷ ነው። ቂም ውስጤ ሲደላደል የመጀመሪያዬ ስለነበር፣ በእውነት የሚመች ነገር ሆኖ አገኘሁት።

ከእኔ ሣጥን ገልብጦ የሠራው መሣሪያ የተገጠመው ዩኒቨርሲቲ አቨኒው ላይ ባለው የአዛውንቶች መዋያ ነው፤ ሁላችንም “ዴይኬር” የምንለው። ድሮ የዕቃ መሸጫ የነበረ ቤት ነው፣ በፊቱ ባቡሩ ያልፋል። የእኛ አገር አዛውንቶች ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጠዋት በቫን ይለቀማሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በትግርኛም ይጨቃጨቃሉ። አማቴ ልጆቿን ያሳደገችው በኦሮምኛ ነው፤ ጓደኞቿም አብዛኞቹ በኦሮምኛ የሚያወሩ ሙስሊም ሴቶች ናቸው። ዴይኬሩን የምታስተዳድረው ሴት ደግ ሰው ናት፤ የባለቤቴን ወንድም አምናው፣ በእሱ ምክር ጣሪያው ላይ ከነበሩት ሁለት ኤሲዎች አንዱን አስነስታለች። “ይሄ ካለ ሁለተኛው አያስፈልግሽም” ብሏታል።

በሜይ ነገሩ እንደተባለው ሠራ። አማቴን ላደርስ ስገባ ከጣሪያው የሚወርደው አየር እንደ ወንዝ ዳር ነበር። አዛውንቶቹ ይመርቁታል። እሱም ምረቃውን ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቀበላል። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ አየሁ፣ ወደ ቢሮዬ ድራይቭ አደረግሁ። ስልኬ ላይ የአየር ትንበያውን ከፍቼ የጁላይን ሌሊቶች መጠበቅ ጀመርኩ።

መጡ። ያ ጁላይ ከሐይቆቹ የሚነሳው እርጥበት ከሰማዩ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ያለበት ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት ሙቀቱ ደረቴን ይገፋኛል፣ እኔ ደግሞ ፈገግ እላለሁ። ባለቤቴ ይህን ፈገግታ ጠላችው። “እንዲህ ሆነህ አይቼህ አላውቅም” አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ራሴን እንዲያ አላውቀውም ነበር።

ዴይኬሩ ውስጥ ከጣሪያው የሚወርደው አየር የሞቀ ትንፋሽ ሆነ። የቀረው አንድ ኤሲ ያለ ዕረፍት እያጓራ አልቻለም። የባለቤቴ ወንድም በየቀኑ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ሣጥኑን በውሃ ቱቦ ሲያጥበው አይቻለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ የምሳ ሰዓቴን ሰውቼ። ሱፍ አልለበሰም። ስልክ ደወለልኝ፣ አላነሳሁም። ቴክስት አደረገ፦ “ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላማክርህ ነበር።” አንብቤ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ፣ ሳንድዊቼን ጨረስኩ። ያን የመሰለ ሳንድዊች በልቼ አላውቅም።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ከሥራ ስገባ አማቴን ጋራዡ ውስጥ አገኘኋት። ወንበሯን የእኔ ሣጥን ፊት አድርጋ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ፋኑን ራሷ አብርታዋለች። ፊቷ ቀልቷል።

“እማማ፣ ዛሬ አልሄድሽም እንዴ?” አልኳት።

“ሄጄ ነበር። ቀድመው መለሱን። ጓደኞቼ መምጣት እየተዉ ነው፤ በየአፓርታማቸው ብቻቸውን በራቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል።” ወደ ሣጥኑ በአገጯ ጠቆመች። “ይሄ ለምን ይበርዳል? ያኛው ለምን አይበርድም?”

ስለ ሰባ ስድስቱና ስለ ስልሳ አራቱ ነገርኳት።

“ገና ያን እሁድ አውቀሃል” አለች።

“አውቄያለሁ።”

“እኔም ያን እሁድ አውቄያለሁ። እዚህ እኮ አብሬያችሁ ተቀምጬ ነበር፤ ስታስተምረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጌታ ገለጠልኝ ሲል መሬት ትዋጠኝ ነው ያልኩት።” ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። “ልጄን አዋርድልኝ። ይገባዋል፤ እኔ እናቱ ፈቅጃለሁ። አሮጊቶቹን ግን አትቀቅልብኝ።”

ይህን ስትል ለልጇ የምትለምን መስሎኝ ፊቷን ፈለግሁ። ልመና አልነበረበትም። እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች የተናደደችው። ስልኳን አውጥታ ደወለችለትና በኦሮምኛ አጭር ነገር ተናገረች። ራቱ ሳይቀርብ ቫኑ በራችን ላይ ቆመ።

ጋራዡ ውስጥ ገብቶ የእኔን ሣጥን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ ወለሉን። “ፊክስ አድርግልኝ” አለኝ። “ስሜ ሊጠፋ ነው።”

“የትኛው ስምህ?”

የቫኑን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ።

“ጠፍጣፎቹን እቀይራቸዋለሁ” አልኩት። “ሁለት ነገር ታደርጋለህ። እሁድ ያንኑ ማይክራፎን ይዘህ እውነቱን ትናገራለህ። ከዚያ የምሠራው እኔ ነኝ፣ የምትሸከመው አንተ ነህ።”

እናቱን ተመለከተ። እሷ ፋኑን እያየች ነበር። “እሺ” አለ።

ያን እሁድ እንደ ወትሮዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው ላይ ተቀመጥኩ። ፊቱን በቅርብ ማየት ፈልጌ ነው። ወጣ፣ ማይክራፎኑን ያዘ፣ ተናገረ። ሥራው የእኔ እንደሆነ አልደበቀም፤ ይህን ልክድበት አልችልም። ግን በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ማልቀስ ጀመረ። ትዕቢት እንዳሸነፈው፣ ጠላት እንዳሳተው፣ ጌታ ግን በሙቀት እንደሰበረው ተናገረ። ሴቶች አብረውት አለቀሱ። ፓስተሩ ወጥቶ አቀፈውና የዕለቱን ስብከት ትቶ ስለ ትሕትና ሰበከ፤ ምሳሌው እሱ ነበር። ጭብጨባው ከመጀመሪያው ምስክርነት በለጠ። ስንወጣ አንዲት እናት እጄን ይዘው “እንዲህ ያለ ልቡ የተሰበረ ወንድም ስለሰጠህ ጌታን አመስግን” አሉኝ።

ሰርቆ ተጨበጨበለት፣ መለሰ ተጨበጨበለት። እኔ በሁለቱም ጊዜ ወንበር ላይ ነበርኩ።

አዲሶቹ ጠፍጣፎች ሲደርሱ ዴይኬር ሄድን። አስተዳዳሪዋ አዛውንቶቹ ምን እንደሚሠራ እንዲያውቁ ፈልጋ ነበርና ወንበራቸውን በክብ አስቀምጣ፣ ሁለታችንንም መሃል አቆመችን። አማቴ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣለች። እኔ ጨው እንዴት እንደሚቀልጥና እንደሚረጋ በቅቤ ምሳሌ አስረዳሁ፣ ሌሊት ለምን እንደሚያስፈልገን፣ ይህ ነገር ኤሲውን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አለመሆኑን ተናገርኩ። የመጀመሪያው ለምን እምቢ እንዳለ ሲጠይቁኝ “እሱን የመረጠው ይናገር” ብዬ ወደ ጎን ቆምኩ።

“ስልሳ አራት ላይ የሚቀልጠውን ነበር የገጠምኩት” አለ የባለቤቴ ወንድም። “በዚህ ሙቀት ሌሊት አይረጋም።”

አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። ኮፍያ ያደረጉ ሙስሊም አባት ናቸው፣ ካርታ ላይ ማንም አያሸንፋቸውም።

“ልጄ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያናችሁ አልመጣሁም” አሉ። “ግን ይሄን ነገር ፈጣሪ ነው የገለጠልኝ ብለህ ተናግረሃል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?”

“አባባ፣ እሱን እንኳ ይቅርታ ጠይቄበታለሁ።”

“ይቅርታውን ተወው፤ እኔ የምጠይቅህ ስለ ቁጥሩ ነው። ስልሳ አራትን የነገረህ እሱ ነው?”

የባለቤቴ ወንድም ወደ ጣሪያው ቀና አለ።

“እሱ ከሆነ” አሉ ሽማግሌው ዱላቸውን እያሻሹ፣ በጣም ረጋ ብለው፣ “ፈጣሪ የሚኒሶታን ጁላይ አያውቅም ማለት ነው።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አማርኛው ያመለጣቸው ሴቶች ምን እንደተባለ ጠየቁ። አማቴ ወደ እነሱ ዞራ ቃል በቃል በኦሮምኛ ተረጎመችላቸው፤ ከዚያ የሴቶቹ ሳቅ ተነሳ፣ ይህኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ አየኋት። የባለቤቴ ወንድም ለዚህ ሳቅ ማልቀስ አልቻለም፤ የሚያቅፈውም ፓስተር አልነበረም። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ቆመ። እኔ አልሳቅሁም። መሳቅ አላስፈለገኝም፤ ደረቴ ውስጥ ከጸደይ ጀምሮ ተቆልፎ የነበረ ነገር ሲከፈት ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጣን። ጥቁሩ ጣሪያ ጫማ ያቀልጣል። እሱ ጠፍጣፎቹን በትከሻው እያመጣ፣ እኔ ጥላ ውስጥ ሆኜ ቦታቸውን እያሳየሁት፣ አሮጌዎቹን አውጥተን አዲሶቹን ደረደርን። አንዴ “ውሃ ልጠጣ” አለኝ። “ጠጣ” አልኩት። ከዚያ ሌላ አላወራንም። ሥራውን ግን በደንብ ነው የሠራው፤ እጁ ጎበዝ መሆኑን ክጄ አላውቅም።

ሁለተኛው ኤሲ ተመልሶ እስኪገጠም አንዱ ብቻውን ከአዲሶቹ ጠፍጣፎች ጋር ሠራ። እንደ ሜይ አልሆነም፣ እንደሚሆንም አልዋሸሁም። ግን አዛውንቶቹ ተመለሱ። ካርታው ቀጠለ።

ያ ሳምንት ሳያልቅ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ባለ አንድ ምግብ ቤት ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ተቀምጬ ታሪኩን ተናገርኩ። የባለቤቴ ወንድም ሲገባ ሳየው “ስልሳ አራት መጣ” ያልኩት እኔ ነኝ። ከጠረጴዛው ያለፈ መስሎ አልታየኝም ነበር፤ እውነት ለመናገር ግን እንዲያልፍ ፈልጌ ነበር። አለፈ። ታክሲ ነጂዎቹ ያዙት፣ ገበያው ያዘው። ሰው ፈርነሱ ሲበላሽ “ማንን ልጥራ?” ሲል “ስልሳ አራትን ጥራ” ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ቀየረ፤ ስሙ እዚያ ቀድሞት ጠበቀው።

ባለቤቴ አንድ ምሽት ማዕድ ላይ አስቆመችኝ። “በዚህ ቤት ውስጥ ወንድሜ ስም አለው” አለች። አልጮኸችም። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ በስሙ እጠራዋለሁ። ውጭ ስለምለው አልጠየቀችኝም።

ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ መጣ፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር። ሽማግሌዎቹ ተናገሩ፣ ይቅር ተባባሉ አሉ። ተነስቼ ሳምኩት፤ ትከሻችን ተነካካ። ሁሉም “ተመስገን” ብሎ ወደ ዶሮው ዞረ። ልጆቹ ከልጄ ጋር በእንግሊዝኛ እየተንጫጩ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ጥሩ ቀን ነበር ማለት ይቻላል።

በማግስቱ አማቴ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራትና እኔ ወሰድኳት። በረዶ ጀምሯል። ሮበርት ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን፣ ፊት ለፊት እያየች “አሁንስ በቃህ?” አለችኝ።

ለእሷ መዋሸት አልፈለግሁም። “አልበቃኝም፣ እማማ” አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ የተቆጣች አልመሰለኝም። ጓንቷን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

“መንገዱ ያንሸራትታል” አለች። “ቀስ ብለህ ንዳ።”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ቀስ ብዬ ነዳሁ።